ዓሣ ስፈልግ አሳላፊ ተያዘ

«ልጄ፣ በአንድ ቀን ይህን ያህል ዓሣ ከወጣማ ሐይቁ ውስጥ የቀረ የለም!» አሉኝ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው። የእኔ ኮምፒውተር 480 ኪሎ ይላል። እሳቸው ፊት የተዘረጋው ደብተር ለዚያው ቀንና ለዚያው ጣቢያ 75 ኪሎ ይላል። የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ወዲያው ገብቶኛል፤ እሳቸው በደብተር ሒሳብ የሚሳሳቱ ሰው አይደሉም። የት እንደተሳሳትኩ ለማወቅ ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ቢሮዋ ባሕር ዳር፣ ከጣና ጥቂት እርምጃ ርቃ ያለች የአንድ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቢሮ ናት። መስኮቷ ወደ ውኃው ነው። ጠዋት ጠዋት የደንገል ታንኳዎቹና ባለሞተር ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ወጣቶቹ ዓሣውን እየበለቱ የሚጥሉትን ለመቀራመት ፔሊካኖች ከመስኮቱ ሥር ይሰለፋሉ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ባያልቅም ገበያው ደርቷል፤ ማኅበሩም የሦስት ጣቢያዎቹን ገቢ በአንድ ሪፖርት ማየት ፈለገ።

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት በየጣቢያው ያለውን መዝገብ በኤክስኤምኤል ፋይል፣ ማለትም እያንዳንዱ መረጃ በመክፈቻና በመዝጊያ ስም መካከል በሚቀመጥበት የጽሑፍ ፋይል፣ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሠርቶላቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። እነዚህ በስም የተከበቡ ክፍሎች ኤለመንት ይባላሉ፤ ስማቸውን በአማርኛ ነው የሰየመው። ለዚህ አመስግኜዋለሁ፤ ረግሜዋለሁም። የአንድ ቀን መዝገብ ይህን ይመስላል፦

<ጣቢያ>
  <የዓሣ_ሽያጭ>
    <ዓሣ_ቆሮሶ>42</ዓሣ_ቆሮሶ>
    <አሳ_አምባዛ>18</አሳ_አምባዛ>
  </የዓሣ_ሽያጭ>
  <ምግብ_ቤት>
    <ዓሦች_ለጥብስ>9</ዓሦች_ለጥብስ>
    <ቆሮሶ>6</ቆሮሶ>
  </ምግብ_ቤት>
  <ወጪ>
    <ለዓሣ_በረዶ>120</ለዓሣ_በረዶ>
    <አሳላፊ>300</አሳላፊ>
  </ወጪ>
</ጣቢያ>

ልብ ብሎ ላየው መከራው በሙሉ እዚህ ተቀምጧል። «ዓሣ» አንድ ቦታ በዓይኑ ዓ፣ ሌላ ቦታ በአልፋው አ ተጽፏል፤ አንድ ቦታ ነጠላ፣ ሌላ ቦታ ብዙ ነው፤ አንድ ቦታ ደግሞ ዓሣው ሳይጠራ የዓይነቱ ስም ብቻ አለ። መዝገቡን የሚሞሉት ሰዎች አዲስ ነገር ሲመጣ አዲስ ስም እንዲጨምሩ ፕሮግራሙ ይፈቅድላቸዋል። ስለዚህ ስሞቹን ዘርዝሬ መፈለግ አልችልም፤ በስማቸው ቁራጭ መፈለግ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ፋይሉን መክፈት ራሱ አቃተኝ። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይዞት በሚመጣው የኤክስኤምኤል ማንበቢያ፣ በኤለመንትትሪ፣ ብሞክር «ፋይሉ በትክክል አልተዋቀረም» ብሎ መለሰልኝ። ግማሽ ቀን ያልተዘጋ ኤለመንት ስፈልግ ዋልኩ፤ አልነበረም። ጥፋቱ የፊደላችን ዕድሜ ነው። ኤክስኤምኤል 1.0 በየካቲት 1998 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ፣ በኤለመንት ስም ውስጥ የሚፈቀዱትን ፊደላት የዘረዘረው በዩኒኮድ 2.0፣ ለዓለም ፊደላት በየኮምፒውተሩ አንድ የሆነ ቁጥር በሚሰጠው ዝርዝር፣ ላይ ተመሥርቶ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999፣ በ3.0 ነው። በኤለመንቱ ሆድ ውስጥ አማርኛ መጻፍ ያኔም ይቻል ነበር፤ በስሙ ላይ ግን አይቻልም። በሩ የተከፈተው በ2008 በወጣው አምስተኛ እትም ነው። ኤለመንትትሪ ከሥሩ የሚጠቀምበት ኤክስፓት የተባለው አንባቢ ዛሬም በአራተኛው እትም ሕግ ይሄዳል። ኤልኤክስኤምኤል የተባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ግን አምስተኛውን በሚያውቀው ሊብኤክስኤምኤል2 ላይ የቆመ ስለሆነ ፋይሉን ያለ ቅሬታ ከፈተው። የወጣቱ ፕሮግራም ጽሑፍ እየቀጣጠለ ብቻ የሚጽፍ ስለሆነ ማንም አላስቆመውም ነበር። የአማርኛ ስም ያለው ፋይል እምቢ ካላችሁ ኤለመንት ከመቁጠራችሁ በፊት የምታነቡበትን መሣሪያ ቀይሩ። ኤለመንትትሪ ለዚህ ሥራ በሌላም ምክንያት አይሆንም፤ በኤክስኤምኤል ውስጥ ኤለመንት የሚፈለግበትን ቋንቋ፣ የኤክስፓዝን፣ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ስምን በቁራጭ የሚፈልገው ፈንክሽን (ትእዛዝ) የለውም።

ሁለተኛው ቅርቃር ትንሽ ነው። ከአንዱ ጣቢያ የመጣው ፋይል በኤልኤክስኤምኤልም አልከፈት አለ። መዝጋቢው ከሥር ሰረዝ ይልቅ ሁለት ነጥብ ለምዷልና «የዓሣ፡ሽያጭ» ሊል ፈልጎ በእንግሊዝኛው የቁልፍ ሰሌዳ ሁለት ነጥብ መትቷል። በዓይን አይለዩም። ለኤክስኤምኤል ግን የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ የኔምስፔስን (ኤለመንቱ የየትኛው የስም ቤተሰብ እንደሆነ የሚናገረውን) ቅድመ ቅጥያ ከስሙ የሚለይ ምልክት ነው፤ «የዓሣ» የሚባል ያልታወጀ ቅድመ ቅጥያ አገኘሁ ብሎ ይቆማል። የእኛው ፡ ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም ፊደል ያልፍ ነበር።

አሁን ወደ ኤክስፓዝ ፍለጋው። ከዚህ በታች የፈንክሽኖቹን ስም በድምፃቸው በፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን፣ በትንንሽ ሆሄ ይመታሉ። የመጀመሪያ ሙከራዬ ይህ ነበር፦

//*[ኮንቴይንስ(ኔም(), 'ዓሣ')]

ድርብ ጭረቱ «የትም ጥልቀት ላይ» ማለት ነው፤ ኮከቡ «ስሙ ምንም ይሁን»፤ በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ነው፦ ስሙ ውስጥ «ዓሣ» ያለበት። ሰዎች በብዛት የሚስቱት እዚህ ነው፤ ከኔም ይልቅ ነጥብ ያስገባሉ። ነጥብ ስሙን አይደለም፣ በኤለመንቱ ሆድ ያለውን ጽሑፍ ነው የሚመረምረው። የልጅ ጽሑፍ የእናትም ጽሑፍ ስለሆነ ደግሞ እስከ ሥሩ ድረስ ያለው ዘር ሁሉ ተጠርቶ ይመጣል።

እኔ ከዚህ ተርፌ በሌላው ወደቅሁ። በአንዱ ወር ፋይል ፍለጋዬ ያለውን ኤለመንት ሁሉ መለሰልኝ፤ ምግብ ቤቱንም፣ ወጪውንም፣ ቀኑንም። ስከፍተው ወጣቱ በዚያ ወር ኔምስፔስ አውጇል፤ ቅድመ ቅጥያውንም «ዓሣ» ብሎታል። እያንዳንዱ ኤለመንት <ዓሣ:ምግብ_ቤት>፣ <ዓሣ:ወጪ> እየተባለ ተጽፏል። ኔም ቅድመ ቅጥያውንም ጨምሮ ስለሚያነብ ሁሉም ዓሣ ሆነ። መድኃኒቱ ሎካል-ኔም ነው፤ እሱ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለውን ብቻ ይወስዳል። ቅድመ ቅጥያ የሌለው ኔምስፔስ በሥሩ ኤለመንት ላይ ሲታወጅ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ //ጣቢያ ብላችሁ ስትጠሩ ፋይሉ ሙሉ ጣቢያ እያለ ምንም አይመጣም። ያኔም //*[ሎካል-ኔም()='ጣቢያ'] ይሠራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ኔምን በዚህ ዓይነት ፍለጋ ነክቼው አላውቅም።

ቀጥሎ ድምሩን ጠየቅሁ። መልሱ «ናን» ሆነ፤ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ከ<ዓሣ_ቆሮሶ> ጋር እናቱ <የዓሣ_ሽያጭ>ም ተጠርታለች፤ በስሟ ውስጥ ዓሣ አለና። እናቲቱ ወደ ቁጥር ስትቀየር የልጆቿ ጽሑፍ አንድ ላይ ይነበባል፤ 42፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ 18። ይህ ቁጥር አይሆንም። «ናን» በማየቴ ዕድለኛ ነኝ። እናቲቱ አንድ ልጅ ብቻ ቢኖራት ኖሮ ጽሑፏ ንጹሕ ቁጥር ይሆን ነበር፤ ያ ዓሣ በእናቱም በልጁም ስም ሁለት ጊዜ ይቆጠርና ማንም ሳያውቅ ያልፍ ነበር። እንዲያውም በኋላ ሌሎቹን ቀናት ስመረምር አንድ ዓይነት ብቻ የተሸጠባቸው ቀናት እንደዚያ ሆነው አገኘኋቸው። ኤለመንት በኤለመንት ውስጥ ሲገባ ስሙን ብቻ ማጣራት አይበቃም፤ ቅጠሉን ከቅርንጫፉ መለየት ያስፈልጋል። ኖት(*) ማለት «ልጅ ኤለመንት የሌለው» ማለት ነው፦

//*[ኖት(*)][ኮንቴይንስ(ሎካል-ኔም(), 'ዓሣ')]

ይህ ግን አምባዛውን አያመጣም፤ «አሳ_አምባዛ» ተብሎ በአልፋው አ ተጽፏልና። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በትልቅና በትንሽ ሆሄ ሲቸገሩ የሚጠቀሙበት ትራንስሌት የተባለ ፈንክሽን አለ፤ አንዱን ፊደል በሌላ ይተካል። ሆሄ የለንም፤ ሞክሼ ፊደላት ግን ሞልተውናል፣ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። ትራንስሌት ለእኛ የተሠራ መሰለኝ፦

//*[ኖት(*)][ኮንቴይንስ(ትራንስሌት(ሎካል-ኔም(), 'ዓሣ', 'አሳ'), 'አሳ')]

አምባዛው መጣ። ተደስቼ ድምሩን አትሜ ለሒሳብ ያዧ ሰጠሁ። ያ ነው 480 ያለው።

እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ «ቆሮሶ 42፣ አምባዛ 18፣ ይኼ ልክ ነው። ይኼ 120 ምንድን ነው?» አሉ። ዘርዝሬ አሳየኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው ሳቃቸው መጣ። «በረዶውን ዓሣ አደረግኸው። አሳላፊውንስ? ቆይ ልጥራው፤ ዓሣ ሆነሃል በለው!»

ለበረዶ የወጣው 120 ብርና ለአሳላፊው የተከፈለው 300 ብር በኪሎ ተደምረዋል። «አሳላፊ» በ«አሳ» ይጀምራል፤ ሞክሼዎቹን አንድ ካደረግሁ በኋላ ከዓሣው የሚለየው ነገር አልቀረም። ልጁ ያን ቀን ምሳ ሲያቀርብልን የሰማ ይመስል ፈገግ ሲል፣ የነገሩት እሳቸው እንደሆኑ ገባኝ።

መጀመሪያ የታየኝ አሳላፊውን በስሙ ማስወጣት ነበር። ይህ ግን እያንዳንዱን እንግዳ በር ላይ ቆሞ እንደ መመለስ ነው፤ ነገ «አሳሽ» ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። የሚበጀው ቃሉን ሙሉ ቃል አድርጎ መፈለግ ነው። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ቃል ከቃል የሚለየው ከሥር ሰረዝ ነውና፣ በስሙ ፊትና ኋላ ሰረዝ ለጥፌ በሁለት ሰረዝ መካከል ያለውን ዓሣ ጠየቅሁ። የሚለጥፈው ኮንካት ነው፦

//*[ኖት(*)][ኮንቴይንስ(ኮንካት('_', ትራንስሌት(ሎካል-ኔም(), 'ዓሣ', 'አሳ'), '_'), '_አሳ_')]

አሳላፊው ወጣ። ያልጠበቅሁት ደግሞ በረዶውም አብሮ ወጣ። በአማርኛ የ፣ ለ፣ በ እና ከ ከስሙ ፊት ይጣበቃሉ፤ «ለዓሣ» ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ለ እንጂ ዓ አይደለም። ለዓሣ የተደረገ ነገርና ዓሣ ራሱ በዚህች አንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ ሰዋስዋችን ነጻ ማጣሪያ ሰጠኝ። ድምሩ 60 ሆነ።

ወደ 75 ለመድረስ 15 ይቀራል። ዘጠኙ <ዓሦች_ለጥብስ> ውስጥ እንዳለ በዓይኔ ይታየኛል፤ ፍለጋዬ ግን አያየውም። በእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ምልክት ብዙውን ጊዜ ከቃሉ ኋላ ስለሚቀጠል የነጠላው ቁራጭ ብዙውንም ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን በሆዱ የያዘ ነው። «ዓሣ» ኦች ሲጨመርበት ሣ ራሷ ሦ ትሆናለች፤ «ዓሦች» ውስጥ «ዓሣ» የሚባል ቁራጭ የለም። ለኮምፒውተሩ ሣ እና ሦ የሚዛመዱ አይደሉም፤ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ይህን በየትኛውም የኤክስፓዝ ትምህርት ላይ አላየሁትም፤ የሚጽፉት ሰዎች አይደርስባቸውም።

እዚህ ላይ ተንጠራራሁ። ሦንም ሶንም ወደ ሳ ልለውጥ፣ ነጠላና ብዙ አንድ ይሁኑ አልኩ። በዚያው ዐ እና ኣን ጨመርኩ፤ 'ዐዓኣሣሦሶ' ወደ 'አአሳሳሳ'። ውጤቱ ጭራሽ ተበላሸ። ደግሜ ብቆጥር ግራው ስድስት ፊደል፣ ቀኙ አምስት ነው። ትራንስሌት ፊደላቱን በየተራቸው ስለሚያጣምር የእኔው ኣ ሳ ሆነች፤ አጣማሪ ያጣችው የመጨረሻዋ ሶ ደግሞ አትተካም፣ ትሰረዛለች። ሁለቱን ዝርዝሮች አንዱን ከአንዱ ሥር ጽፋችሁ ፊደል በፊደል ቁጠሩ፤ እኔ በደብተር ላይ ነው የማደርገው።

ቀኙን ስድስት ሳደርገውና '_አሳች'ን በኦር («ወይም» ማለት ነው) ስጨምርለት 69 መጣ። የቀረው ስድስት ኪሎ ነው።

ሒሳብ ያዧ ከደብተራቸው አነበቡልኝ፦ «ለምግብ ቤት፣ ቆሮሶ፣ ስድስት።» በስሙ ዓሣ የሚል ነገር የሌለበት ዓሣ። ይህን የትኛውም የስም ቁራጭ ፍለጋ አያገኘውም፤ ቆሮሶ ዓሣ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ነው። «እትዬ፣ የዓሣዎቹን ዓይነት ሁሉ ይንገሩኝ» አልኳቸውና ቆሮሶ፣ አምባዛ እያሉ ነገሩኝ። በዚያው ማጣሪያ ላይ «ወይም '_ቆሮሶ_'» ብዬ ጨመርኩ። ምንም አልመጣም። ድምሩ 69 ላይ ቆመ።

በዚህኛው ነው ብዙ የደከምኩት፤ መብራትም በመሀል ሄደ። ሳገኘው ጥፋቱ የገዛ እጄ ነበር። ሶን ወደ ሳ ስለለወጥሁ ፍለጋው የሚካሄደው «ቆሮሳ» በሚል ስም ላይ ነው፤ «ቆሮሶ» እዚያ የለም። ለዓሣው ብዬ የለወጥኳት ፊደል የዓሣውን ስም በላችው። ብቀጥልበት ኖሮ ደግሞ አንድ ቀን «አሶሳ_ደንበኛ» የሚል ኤለመንት ቢመጣ ከተማይቱ «አሳሳ» ትባል ነበር። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመለስኩ፦ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ብቻ አንድ አደርጋለሁ፣ ሣን ወደ ሳ፣ ሦን ወደ ሶ። አናባቢ ግን አልነካም። ብዙውን ቁጥር ራሱን ችሎ እጠይቀዋለሁ፣ '_አሶች' እያልኩ፤ «ዓሣዎች» ብሎ የሚጽፍም ስላለ '_አሳዎች'ንም ጨመርኩ።

ከዚህ በኋላ የሦስቱን ጣቢያ መዝገብ በአንድ ፋይል አድርጌ ድምሩን በየጣቢያው ለመከፋፈል ፈለግሁ። ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ እየያዝኩ ከእያንዳንዱ ሥር ያንኑ ማጣሪያ በ// ጀምሬ ብጠይቅ ሦስቱም ጣቢያ አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጡኝ። ባሕር ዳርም ዘጌም እኩል አስግረዋል! በ// የሚጀምር ፍለጋ የትም ቆማችሁ ብትጠሩት ከፋይሉ ሥር ይነሣል። ከቆማችሁበት እንዲነሣ ፊቱ ላይ ነጥብ አድርጉ፣ .// ብላችሁ። በአንድ ጭረት፣ ጣቢያ/* ካላችሁ ደግሞ የቅርብ ልጆችን ብቻ ነው የሚያየው፤ ዓሣዎቹ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ስላሉ ባዶ ይመለሳል። በአንድ ቃል የሚያልቅ ስም ለመፈለግ ኢንድስ-ዊዝ የምትሹም ካላችሁ፣ እሱ የመጣው በ2007 ከወጣው ኤክስፓዝ 2.0 ጋር ነው፤ ኤልኤክስኤምኤል የሚያውቀው የ1999ኙን 1.0 ብቻ ስለሆነ አታገኙትም።

በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፤ ጣቢያው ላይ ቆሜ የምጠራው፦

.//*[ኖት(*)][ኮንቴይንስ(ኮንካት('_', ትራንስሌት(ሎካል-ኔም(), 'ዐዓኣሣሦ', 'አአአሳሶ'), '_'), '_አሳ_') ኦር ኮንቴይንስ(ኮንካት('_', ትራንስሌት(ሎካል-ኔም(), 'ዐዓኣሣሦ', 'አአአሳሶ'), '_'), '_አሶች')]

የ'_አሳዎች' እና የዓይነቶቹ ስም መስመሮች በዚሁ መልክ በኦር ይቀጥላሉ፤ ርዝመቱ ዓይን ስለሚያደክም ፓይተኑ ከስም ዝርዝር እየቀጠለ እንዲሠራው አድርጌያለሁ። ዝርዝሩ ያለው በሒሳብ ያዧ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ያንን ቀን እንደገና ሳሠራው 75 አለ። እሳቸው አልተደነቁም፤ «እኔማ ነግሬህ ነበር» ብለው ወደሚቀጥለው ቀን ገጹን ገለጡ።